ሳይንስ ላይብረሪ ለምትገቢው ልጄ

ልጄ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ልትማሪ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። እንደምታውቂው እኔ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሳይንስ ክፍል ውስጥ ስሠራ ነው ያረጀሁት። አንቺን የመሰሉ ብዙ ልጆች በዚያ በር ሲገቡ ሲወጡ አይቻለሁ። ሰነፎች አልነበሩም፤ ማለዳ ተሰልፈው ይገባሉ፣ ማታ ጥበቃው እስኪያስወጣቸው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ግን መደርደሪያውን ሳይነኩ ተመረቁ። አንቺም ትጉህ ነሽ፤ ችላ ማለት ግን ይቀናሻል። ስለዚህ ይህን ምክሬን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

1. ለወንበርና ለመብራት ብቻ ብለሽ አትግቢ። ሃንድአውት ሌላ ሰው ጠቅልሎ የሰጠሽ ጉርሻ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ማዕዱን ግን አያሳይሽም። መምህሩ «እንደሚታወቀው» ብሎ የዘለላትን አንዲት መስመር መጽሐፉ በሁለት ገጽ ያስረዳታል፤ ብዙ ጊዜ ተማሪው የሚወድቀውም እዚያችው መስመር ላይ ነው። ትምህርቱ በተሰጠ ዕለት ማታ ምዕራፉን የያዘውን መጽሐፍ አንሺና አስተያዪ። ሪዘርቭ የተቀመጡት መጻሕፍት የሚሰጡት ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ የፈተናውን ሳምንት አትጠብቂ። ያን ጊዜ ካንቺ የቀደመ ሰው ይዟቸዋል።

2. የመደርደሪያውን ምልክት እወቂ። መጻሕፍቱ በኮንግረስ ላይብረሪ ሥርዓት የተደረደሩ ከሆነ ሳይንስ ያለው በኪው ሥር ነው፤ ኪውኤ ሒሳብ፣ ኪውሲ ፊዚክስ፣ ኪውዲ ኬሚስትሪ፣ ኪውኢ የመሬት ጥናት፣ ኪውኬ ዕፅዋት፣ ኪውኤል እንስሳት። ካታሎጉ የጠየቅሽውን አንድ መጽሐፍ ያሳይሻል፤ መደርደሪያው ግን ያልጠየቅሻቸውን ጎረቤቶቹንም ያሳይሻል። የፈለግሽውን ካገኘሽ በኋላ ግራና ቀኙን ሳታዪ አትመለሺ። ያነሳሽውን ደግሞ በግምት መልሰሽ አትሰኪው፤ ጠረጴዛ ላይ ተዪው፣ ሠራተኛው ያውቅበታል። ያለ ቦታው የተሰካ መጽሐፍ ከተሰረቀው አይሻልም።

3. ሠራተኛውን ጠይቂ፤ ግን አስበሽ ጠይቂ። «የባዮሎጂ መጽሐፍ አለ?» የምትል ልጅ ራሷም የምትፈልገውን አላወቀችም። «የጣና ሐይቅ ዓሣዎች ላይ የተሠራ ጥናት እፈልጋለሁ» ካልሽው ከወንበሩ ይነሳልሻል። አንዳንዱ ሠራተኛ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ ቻዪው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል፣ የተጠየቀው ሁሉ ፈገግ ይላል አልተባለም።

4. በነጻ የተከፈተልሽን የጆርናል በር እወቂ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ስንት ተማሪ ይህን ሳይሰማ አራት ዓመት ይጨርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የሚባለውን ለጤናው ዘርፍ ከፈተ። በዓመቱ የምግብና እርሻ ድርጅት አጎራን ለግብርናው ጨመረ፤ ለአካባቢና ለቴክኖሎጂ ጥናትም ሌሎች ተከተሉ። ዛሬ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል ስም ተጠቃለዋል። ውጭ አገር አንዱን ጥናታዊ ጽሑፍ በተናጠል ልግዛ ብትዪ ብዙ ጊዜ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቅሻል። የኛ አገር ተቋማት ግን ተመዝግበው ያለ ክፍያ ከሚገቡት ወገን ናቸው። የይለፍ ቃሉ የተቋሙ ነውና ከላይብረሪው ጠይቂ፣ ሥልጠና ሲሰጥም ተመዝገቢ። ሁለት ነገር ግን አደራ። የይለፍ ቃሉን ቴሌግራም ላይ አትለጥፊ፤ ደግሞም አገኘሁ ብለሽ ጆርናሉን ከነቅጹ አታውርጂ። አሳታሚው እንዲህ ያለ ነገር ካየ መስመሩን ሊዘጋ ይችላል፤ የሚዘጋውም ባንቺ ላይ ብቻ ሳይሆን በግቢው ሁሉ ላይ ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ካጠናሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለማንም ክፍት የሆነ አርካይቭ የሚባል ማኅደር አለ። እዚያ ያለው ብዙው ገና በሙያው ሰዎች ያልተገመገመ ስለሆነ እየተጠነቀቅሽ አንብቢ።

5. ያገርሽን ጥናት አስቀድሚ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ፤ ብዙ ልጅ የሚዘለው ይህን ነውና። ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ሲያጣ ጎግል ላይ ያፈጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚታተመው ሲኔት፣ የኢትዮጵያ የሳይንስ ጆርናል ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲንም አለ። ዕፅዋት ለሚያጠና 8 ቅጽ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ አለለት፤ መጽሐፉ የቆመባቸው የደረቁ ናሙናዎች ደግሞ እዚያው አራት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ ይገኛሉ። መጽሐፉን አንብቦ ግቢውን በእግር አቋርጦ ቅጠሉን ማየት የሚችል ተማሪ በዓለም ላይ ስንት አለ? ካገር ጉዳይ ምን እንደሚወጣም እዪ፤ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ከዚያች ዕይታ የዕድሜ ልክ ምርምር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አሰጣቸው። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ የጎደለው አይቶ የሚጠይቅ ነበር። ሌላም ምሳሌ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያርገፈግፍ ሰፈሩ ሁሉ በወሬ ተሞላ። የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪው ፒየር ጉዋን ግን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥቶት ነበር፤ ያቋቋመው ኦብዘርቫቶሪም ያው አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው።
አንድ ነገር ላክል። ያገራችንን ሰው ስም ስትፈልጊ ሁለት ጊዜ ፈልጊ። እኛ በራሱ ስም እንመዘግበዋለን፤ የውጭው ጆርናል ግን በአባቱ ስም ነው የሚያስቀምጠው። አክሊሉን አጣሁት ከማለትሽ በፊት ለማ ብለሽ ሞክሪ።

6. የታተመ ሁሉ እውነት አይምሰልሽ። ላንሴት የተባለው ስመ ጥር የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ የተሠራ፣ የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። 12 ዓመት ሙሉ የታተመ ነው እየተባለ ስንት እናት በፍርሃት ልጇን ሳታስከትብ ቀረች! ስለዚህ ጽሑፉን ከመጥቀስሽ በፊት ዓመቱን እዪ፣ መሰረዝ አለመሰረዙን አጣሪ፣ በስንት ሰው ላይ እንደተሠራም ቁጠሪ። ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትም ጆርናልም ሞልቷል። የሚያሞካሽ ኢሜይል ላኩልኝ ብለሽ ደስ አይበልሽ።

7. ስም ባይጠራም ሴሚናር ግቢ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን በየሳምንቱ አንብቢ፤ የውጭ እንግዳ ሲመጣ፣ መምህራን ጥናታቸውን ሲያቀርቡ፣ በየካቲት መጀመሪያ የሴቶችና ልጃገረዶች በሳይንስ ቀን ሲከበር፣ መጋቢት 5 የሒሳብ ቀን ሲውል ሂጂ። ለሻዩና ለኩኪሱ ብሎ የሚመጣ ተማሪ አለ፤ ይምጣ፣ እኔ አልፈርድበትም፤ ኩኪስ ፍለጋ ገብቶ ርዕስ ይዞ የወጣ አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ለተመልካች የተከፈተ የማስተርስና የዶክትሬት ዲፌንስ እንዳያመልጥሽ። ፈታኙ «ናሙናውን ለምን ከዚህ ቦታ ብቻ ወሰድሽ?» ሲል፣ ተማሪዋም ላብ ላብ እያላት ስትመልስ ማየት የምርምር ዘዴ ኮርሱ የማይሰጥሽን ይሰጥሻል። ፊት ወንበር ተቀመጪ። ጥያቄ ካለሽ አጭር ይሁን፤ ጥያቄ ነው ብለሽ ንግግር አታድርጊ፣ ለዚያ ትልልቆቹ ይበቃሉ።

8. የቀደሙሽን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ከኋላ ጀምረሽ አንብቢ። የማጣቀሻ ዝርዝሩ የት የት መሄድ እንዳለብሽ ይነግርሻል፤ «ወደፊት ቢጠና» የሚለው አንቀጽ ደግሞ ርዕስ ሊሆንሽ ይችላል። መገልበጥ ግን ነውር ነው፤ በሶፍትዌርም ይያዛል።

9. ወንበር በደብተር አትያዢ፣ ገጽ አትቅደጂ፣ በእርሳስም ቢሆን አታስምሪ። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም።

10. ክሊራንስን፣ ማለትም ዕዳ የለብሽም የሚለውን ፊርማ፣ ከአሁኑ አስቢ። የወሰድሽውን መጽሐፍ ለጓደኛሽ፣ ጓደኛሽም ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ በምርቃት ዋዜማ ባለዕዳዋ አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ። በስምሽ የወጣውን አንቺው መልሺ፤ ስትመልሺም መዝገቡ ላይ መሰረዙን ቆመሽ እዪ። ወረፋው የሚረዝመው በመጨረሻው ሳምንት ስለሆነ፣ የመጨረሻ ፈተናሽን በጨረስሽ ማግስት ጠዋት ሂጂና አስፈርሚ።