ድምፅ የሌለው ሕመም፦ የኩላሊት ድክመት የሚባባስበት መንገድና የአጥቢያ ድርሻ

ለሰበካ ጉባኤያት ከሚቀርቡ የርዳታ ጥያቄዎች አንዱ የኩላሊት እጥበት ወጪ ነው። ጥያቄው በሚቀርብበት ጊዜ ግን ሕመሙ ፍጻሜው ላይ ደርሷል፤ ምእመኑም ጥሪቱን ጨርሷል። ይህ ትምህርት ሕመሙ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚጓዝበትን መንገድ ያስረዳል። ዓላማውም ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሕመምተኛው ገና ጤነኛ መስሎ በሚታይበት ጊዜ እንዲደርሱለት ማሳሰብ ነው።

የኩላሊት አገልግሎት

እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወግዳሉ። በተጨማሪም የደም ግፊትን ያስተካክላሉ፣ ደም እንዲመረት ያግዛሉ፣ ለአጥንት ጥንካሬም ያገለግላሉ። ስለዚህ ኩላሊት ሲደክም ጉዳቱ መላውን ሰውነት ያዳርሳል።

የሚባባስበት ምክንያት

ዋነኞቹ መነሻዎች የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ናቸው። የማጣሪያዎች መቆጣት፣ በጠጠር ወይም በዕጢ የሽንት መውረጃ መዘጋት፣ በዘር የሚወረስ ሕመም፣ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አዘውትሮ መውሰድም ኩላሊትን ይጎዳሉ።

የሞቱ ማጣሪያዎች አይተኩም። ነገሩ ደቦን ይመስላል፤ ሃያ ሰው ሊያጭደው የታሰበውን ማሳ ዐሥር ሰው ቢገባበት ሥራው ለጊዜው ይከናወናል፤ ነገር ግን ዐሥሩ በእጥፍ ደክመው አንድ በአንድ ይወድቃሉ። የቀሩት ማጣሪያዎችም እንዲሁ ከዐቅማቸው በላይ ሲሠሩ ይጎዳሉ። የደከመ ኩላሊት ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለውም ግፊት ተመልሶ ኩላሊትን ይጎዳል።

አምስቱ ደረጃዎች

ጉዳቱ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ደረጃውም ኩላሊት በደቂቃ በሚያጣራው መጠን በሚሊ ሊትር ይለካል።

አንደኛ ደረጃ፦ መጠኑ 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መታየትን የመሰለ የጉዳት ምልክት ሲገኝ ነው።
ሁለተኛ ደረጃ፦ ከ60 እስከ 89፣ ከጉዳት ምልክት ጋር።
ሦስተኛ ደረጃ፦ ከ30 እስከ 59።
አራተኛ ደረጃ፦ ከ15 እስከ 29።
አምስተኛ ደረጃ፦ ከ15 በታች።

በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን» ቢልም፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ድክመት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ወገቡን ያላመመውም ደኅና ነኝ ብሎ ይዘናጋል። የእግርና የፊት እብጠት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማሳከክ፣ የትንፋሽ ማጠር የሚመጡት በአመዛኙ ዘግይተው ነው። በአምስተኛው ደረጃ ብዙ ሕመምተኞች እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱም እንደ ልማዱ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም 4 ሰዓት ያህል የሚወስድ ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ነገር ግን ኩላሊት የሚለግስና ለልገሳ ብቁ የሆነ ሰው ማግኘትን ይጠይቃል።

ጉዞውን ማዘግየት

የጠፋው ባይመለስም የቀረውን ለዓመታት ማቆየት ይቻላል። የደም ግፊትና የስኳር መጠንን መቆጣጠር፣ ጨው መቀነስ፣ ትምባሆ መተው፣ የታዘዘን መድኃኒት አለማቋረጥ ዋነኞቹ መንገዶች ናቸው። ለመለየትም የሽንት ፕሮቲንና የደም ክሬአቲኒን ምርመራ ያስፈልጋል። የክሬአቲኒን መጠን የኩላሊት ዐቅም በእጅጉ እስኪቀንስ ድረስ ጤናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል የሽንቱን ምርመራ መተው አይገባም።

የካህናት ምክር

ብዙ ምእመናን ከሐኪም ይልቅ ቀድመው ለንስሐ አባታቸው ይናገራሉ። ስለዚህ በሦስት ነገሮች ላይ የካህኑ ቃል ሕይወትን ያተርፋል።

የመጀመሪያው ጠበል ነው። ጠበል መጠመቅ መድኃኒት ለማቋረጥ ወይም እጥበት ለመተው ምክንያት አይሆንም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ለኩላሊት ሕመምተኛም ምክሩ ያው ነው። በተለይ ፈሳሽ እንዲቀንስ የታዘዘ ሕመምተኛ ብዙ ጠበል ቢጠጣ ፈሳሹ በሳንባው ተጠራቅሞ ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ቢጠመቅና ለበረከት ጥቂት ቢቀምስ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጾም ነው። ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ምእመን ያለ ምግብና ውኃ የሚቆይበትን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይወስን።

ሦስተኛው የባህል መድኃኒት ነው። መጠኑና ይዘቱ ያልታወቀ ሥራ ሥር የደከመን ኩላሊት ፈጽሞ ሊያጠፋው ይችላል።

የሰበካ ጉባኤ ተግባር

የሰበካ ጉባኤ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተስማምቶ በወርኃዊ በዓል ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊት ልኬት ሊያዘጋጅ ይችላል። ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ምእመናን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንትና ደም እንዲመረመሩ ማሳሰብ፣ ዐቅም የሌላቸውን በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እንዲመዘገቡ መርዳት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም መድኃኒት የሚያቋርጡትን ቤታቸው ሄደው እንዲጠይቁ ማድረግ ይገባል። የምርመራው ስም ዝርዝር ግን በጤና ባለሙያው እጅ ይቆይ፤ የምእመኑ ምሥጢር ይጠበቅ።

በእጥበት ላይ ላሉት የሚደረገው ርዳታ አይቋረጥ። ነገር ግን ለአንድ ሕመምተኛ የጥቂት ሳምንታት እጥበት የሚሰበሰብ ገንዘብ ለብዙዎች የሽንት ምርመራ ሊበቃ እንደሚችል የሰበካ ጉባኤ በዓመታዊ ዕቅዱ ያስብበት። የሚቀጥለው የርዳታ ደብዳቤ ባለቤት ዛሬ በዐውደ ምሕረቱ ቆሞ የሚያስቀድስ፣ ምንም ያልተሰማው ምእመን ሊሆን ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።