ቤትን በእውነት ስለ መሸጥና በቤተ ሰብ መካከል በሰላም ስለ መኖር



ሰው በዕድሜው ከሚያደርጋቸው ውሎች ሁሉ ቤቱን እንደ መሸጥ ያለ ከባድ ውል ጥቂት ነው። እህል ወይም ጨርቅ የሸጠ ሰው ነገ ሌላ ይሸጣል፤ ቤቱን የሸጠ ግን ብዙውን ጊዜ የዕድሜውን ድካም በአንድ ቀን ለሌላ ሰው ያስረክባል። ስለዚህ በዚያን ቀን የልቡ ነገር ይገለጣል። በጸሎት ጊዜ ያልታወቀው ስስት፥ በማዕድም ያልታየው ሐሰት በውሉ ጠረጴዛ ፊት ይወጣል።

ቤት መሸጥ በራሱ ኀጢአት አይደለም። አንዱ ዕዳውን ለመክፈል፥ አንዱ በሽተኛውን ለማሳከም፥ አንዱ ውርስ ለመካፈል፥ አንዱም ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ስለ ወሰደው ይሸጣል። የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከሸጥህ በኋላ በዚያ በር ፊት ስታልፍ ገዢውን ቀና ብለህ ሰላም ልትለው ትችላለህን? ይህ ትምህርት ስለዚሁ ነገር የተጻፈ ነው። ቤት በእውነት እንዴት እንደሚሸጥ፥ ቤተ ሰብም ከሽያጩ በኋላ ደስታውን ሳያጣ እንዴት እንደሚኖር በየተራው እንመልከት።

1ኛ፤ አስቀድመህ ከቤተ ሰብህ ጋር ተማከር።

ብዙ ሰው ነገሩን መጀመሪያ ለደላላ ይነግራል፤ ሚስቱም ወሬውን ከጎረቤት ትሰማለች። ይህ እንዲህ ሊሆን አይገባም። ቤቱን የሠራህ በገንዘብህ ብቻ ነውን? በጓዳው የደከመችው፥ ጎመን የተከለችው፥ በክረምት ሌሊት ሕፃን ታቅፋ ያደረችው ማን ናት? ሕጉም ይህን ያውቃል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ68ኛው አንቀጽ፥ ባልና ሚስት በጋራ ያላቸውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት እንዲኖር ያዝዛል። ነገር ግን ክርስቲያን ሚስቱን የሚያማክር ፊርማዋ ስለሚያስፈልገው ብቻ አይደለም፤ አንድ አካል ስለ ሆነች ነው።

ቤቱ የውርስ እንደ ሆነ ወራሾቹን ሁሉ ጠይቅ። በሩቅ አገር ያለውንም ወንድም፥ ባል አግብታ የሄደችውንም እኅት አትርሳ። በቤቱ የምትኖር አረጋዊት እናት ብትኖር፥ የት እንደምታድር ሳይቈረጥ ዋጋ አትነጋገር። ልጆችንም አስቀምጠህ በሚገባቸው ቃል ንገራቸው፤ የት ትምህርት ቤት እንደሚገቡና ማን ከእነርሱ ጋር እንደሚሄድ ያወቁ ልጆች አይደነግጡም። ጎጆው ተሽጦ ቤተ ሰቡ ቢጣላ፥ ዋጋው ምንም ከፍ ያለ ቢሆን ኪሣራ ነው።

2ኛ፤ የሚጠገነውን ጠግን፥ ያልተጠገነውን ንገር።

ቤትህን ለገዢ ከማሳየትህ በፊት አዘጋጀው። የላላውን የቆርቆሮ ምስማር አጥብቅ፥ የውሃ መውረጃውን ቦይ ጥረግ፥ የማይዘጋውን በር አስተካክል፥ የማያስፈልግህንም ዕቃ ለሚያስፈልገው ስጥ። ንጹሕና ብርሃን ያለው ቤት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ይህንም ማድረግ ትጋት እንጂ ማታለል አይደለም።

ማታለል የሚጀምረው ቀለሙ ጥገናውን ሲተካ ነው። ጣራው እንደሚያፈስ የሚያውቅ ሰው በጥር ወር ግድግዳውን አስቀብቶ ቢሸጥ፥ በሐምሌ ገዢው ከልጆቹ ጋር ሌሊት ተነሥቶ የሚወርደውን ውሃ በባልዲ ይቀበላል። በዚያች ሌሊት ስለ ሻጩ ምን ይላል? ስለ ሻጩስ ሃይማኖት ምን ያስባል? እንግዲህ ምስጥ የበላው ምሰሶ፥ የተሰነጠቀ መሠረት፥ በጎርፍ የሚሞላ ግቢ፥ ከጎረቤት ጋር ያልተቈረጠ የአጥር ክርክር ቢኖር ገዢው ሳይጠይቅህ ንገረው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ስለ ሸጠው ነገር ጕድለት ኀላፊ ያደርገዋል፤ ይህ ግን በሰው ፊት ነው። ሙሴ በሰጠው ሕግ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ የቤት ባለቤት በዚያ ቤት ስለሚገባ ሰው ሕይወት በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል፤ የሚሸጠውም ሰው ከዚህ ነፃ አይደለም።

እውነቱን በመናገርህ ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። የቀነሰው ገንዘብ ግን የእንቅልፍህ ዋጋ ነው።

3ኛ፤ ዋጋህና ቃልህ አንድ ይሁን።

በአቅራቢያህ በቅርብ ጊዜ የተሸጡትን ቤቶች ዋጋ ከሁለትና ከሦስት ሰዎች ጠይቅ፤ ደላላው በነገረህ ብቻ አትመራ። ከደላላውም ጋር የድካሙን ዋጋ አስቀድመህ በግልጥ ተነጋገር፤ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የላብ አደሩን ዋጋ መከልከል በደል ነው። የገዢውንም ችግር አይተህ ዋጋ አትጨምር።

ቀብድ ከተቀበልህ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ብዙ ገንዘብ ቢጨምርልህ ምን ታደርጋለህ? ይህ ታላቅ ፈተና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1885ኛው አንቀጽ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፍ አድርጎ መልሶ ውሉን መተው እንዲችል ይፈቅዳል። ስለዚህ አንዳንዱ፥ “እጥፉን መልሼ ብሸጥ እንኳ ትርፍ አለኝ” ብሎ ያስባል። ዳኛ አይቀጣው ይሆናል። ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ገዢ ዕቃውን ጠቅልሎ፥ የተከራየውን ቤት ለቅቆ፥ ለልጆቹ ነግሮ እንደ ሆነ፥ እጥፍ ብር ያን ሁሉ ይመልስለታልን? ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ለክርስቲያን የሚገባ አይደለም። ቃልህን ከሰጠህ ጠብቅ፤ መጠበቅ የማትችል ከሆነም ቀብድ ከመቀበልህ በፊት ዝም በል።

4ኛ፤ ውሉን በግልጥ አድርግ።

አብርሃም ሚስቱን ሣራን ለመቅበር ከኬጢያዊው ከኤፍሮን የመክፈላን ዋሻና እርሻ በገዛ ጊዜ፥ ኤፍሮን በነፃ ልስጥህ ብሎት ነበር። አብርሃም ግን በከተማው በር በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። ነቢዩ ኤርምያስም በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ፥ ውሉን ጽፎ አተመ፥ ምስክሮች አቆመ፥ የታተመውንና የተከፈተውን ጽሑፍ ለብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አደረገ። እንግዲህ፥ “እኛ ወንድማማቾች ነን፥ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?” የሚለው ንግግር ጥንቃቄን እንጂ ፍቅርን አያሳይም ማለት ስሕተት ነው፤ ወንድማማችነትን ከጠብ የሚጠብቀው በደንብ የተጻፈ ውል ነውና።

የአገራችን ሕግም በፍትሐ ብሔሩ 1723ኛ አንቀጽ፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ካርታውን፥ የግብሩን ደረሰኝ፥ የመብራትና የውሃውን ሒሳብ ሰብስበህ አዘጋጅ። በባንክ ዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ቢሆን አትሸሽግ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የግል አለመሆኑን፥ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ መደንገጉን አስብ። የምትሸጠው ቤቱን ነው፤ የይዞታውም መብት ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ለገዢው ይተላለፋል። ስለዚህ ያልተመዘገበ ቦታ ጨምረህ የራስህ እንደ ሆነ አትናገር። ገንዘቡም በባንክ በኩል ቢከፈል ለሁለታችሁም ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበትን ነገር ልንገርህ። ሻጭና ገዢ ተስማምተው፥ ግብሩ እንዲቀንስ፥ በውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ ይጽፋሉ። “ሁሉም ሰው ይህን ያደርጋል” ይላሉ። ሐናንያና ሰጲራም መሬታቸውን ሸጠው ነበር። መሬቱ የራሳቸው ነበረ፥ ገንዘቡም በእጃቸው ነበረ፥ ሁሉን እንዲሰጡ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ የወደቁት ስለ ዋጋው በመዋሸታቸው ነው። ባልና ሚስት በአንድ ሐሰት መስማማታቸውም ኀዘኑን እጥፍ አደረገው። አንተስ? በሐሰት ዋጋ ላይ ወዳጅህ ምስክር ሆኖ ይፈርማል፤ ነገ ክርክር ቢነሣ ገዢው የከፈለውን ማስረዳት ይቸግረዋል፤ በአጠገብህ የቆመው ልጅህም ሁሉን ያያል። እንዳይዋሽ ስትመክረው የኖርኸውን ልጅ፥ በአንድ ቀን ፊርማ እንዴት መዋሸት እንዲገባ ታስተምረዋለህ። ይህ ትምህርት ከቤቱ ዋጋ ይልቅ ብዙ ያስከፍላል።

5ኛ፤ ገንዘቡን በዓላማ ያዝ።

ቤት በተሸጠ ሰሞን ወዳጅ ይበዛል፥ ምክርም ይበዛል። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይመጣ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ለግብርና ለዕዳ ስንት፥ ለመኖሪያ ስንት፥ ለልጆች ትምህርት ስንት፥ ለእግዚአብሔር ሥራና ለድኾች ስንት። የምትገቡበት መኖሪያ ሳይታወቅ ከገንዘቡ ለድግስና ለጌጥ አታውጡ። የወራሾችንም ድርሻ በዚያው ሳምንት ክፈል፤ የዘገየ ድርሻ የወንድማማች ጠብ ዘር ነው።

6ኛ፤ በሰላም ውጣ፥ በሰላም ግባ።

ከሰፈርህ ስትወጣ እንደ ሸሸ ሰው አትውጣ። የተዋስኸውን ብረት ምጣድና መሰላል መልስ፥ የእድር መዋጮህን ክፈል፥ የተቀያየምኸው ጎረቤት ቢኖር ሄደህ ታረቅ። አዲሱን ገዢ ለጎረቤቶች አስተዋውቀው፤ የአጥሩን ወሰን በእነርሱ ፊት አሳየው፥ ውሃው በየትኞቹ ቀኖች እንደሚመጣ፥ ጎርፉም በየት እንደሚያልፍ ንገረው። በመጨረሻው ማታ ቤተ ሰብህን በባዶው ክፍል ሰብስበህ በዚያ ቤት ስለ ተወለዱት፥ ስለ ታመሙትና ስለ ዳኑት፥ በዚያም ስላረፉት አመስግኑ። ልጆች ቁመታቸውን የለኩበትን የበሩን መቃን ዳስሰው ያልቅሱ ይሆናል፤ አትቈጣቸው።

ወደ አዲሱ ሰፈር ስትገባ ጎረቤት እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ቡና አፍልታችሁ ጥሩ። ለእድሩ ተመዝገብ፤ ኀዘን ሲሆን ሂድ፥ የታመመ ሲኖር ጠይቅ። የልጆችህን ጓደኞች በስም እወቅ። በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ማዕድ ይቀመጥ፤ በዚያን ጊዜ ስልኩ ከእጅ ይራቅ፥ አባት የቀኑን ሥራ ይናገር፥ ልጅም ያየውን ያውራ፥ ከዚያም በጸሎት ይፈጸም። በዕረፍት ቀን ከልጆችህ ጋር በእግርህ ውጣ፤ አያታቸውንም ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጠባቡን ቤት ሰፊ ያደርገዋል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድር ሲመላለስ የራሱ የሆነ ማረፊያ አልነበረውም። በቢታንያ ግን ማርታ፥ ማርያምና አልዓዛር የሚኖሩበትን ቤት ይወድድ ነበር። የዚያ ቤት ግድግዳ ከምን እንደ ተሠራ ማንም አልጻፈልንም፤ በውስጡ የነበረው ፍቅር ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። አንተም እንዲሁ አስብ። ግድግዳውን ልትሸጥ ትችላለህ፤ እውነትህንና የቤተ ሰብህን ፍቅር ግን ይዘህ ውጣ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ራሱን ይጠይቅ፤

1. ስለ ቤቴ ሽያጭ ቤተ ሰቤ የሰማው ከእኔ ነውን ወይስ ከሌላ?
2. ገዢው ቢያውቀው ዋጋ የሚቀንስበት፥ እኔ ግን ያልነገርሁት ነገር አለን?
3. በውሉ የተጻፈው ዋጋና በእጄ የገባው ገንዘብ አንድ ነውን?
4. በሽያጩ ቀን ልጄ ከእኔ ምን ተማረ?
5. በአዲሱ ሰፈሬ ማንን ጠየቅሁ? ከማንስ ጋር በማዕድ ተቀመጥሁ?

የሰላም አምላክ መውጣትህንና መግባትህን ይባርክ። አሜን።