ማሽኑ ውሃ አላስገባ ሲል፦ ከመፍታት በፊት ከፍታ መለካት

ሚዛን አማን፣ ሸኮ ወይም ቴፒ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በርቶ ውሃ አላስገባ ሲል ቶሎ የሚጠረጠረው ቦርዱ ነው። ጥርጣሬው ከተሳሳተ ጫፍ የሚጀምር ይመስለኛል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ፓምፕ ሥራው ቆሻሻውን ውሃ ማስወጣት ብቻ ነው፤ ንጹሑን ውሃ የሚጎትትበት መሣሪያ የለውም። መግቢያውን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ውሃው በራሱ ጉልበት መግባት አለበት። በመግቢያው ላይ ያለው ዋና ዕቃ ቫልቭ ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ፣ ጎማው፣ ቧንቧው፣ ሮቶው፣ የከተማው መስመር፣ የማሽኑ አካል አይደለም። ስለዚህ ፍተሻው ከውሃው መምጫ ተነሥቶ ወደ ማሽኑ ሊሄድ ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብም ይቆጥባል፤ የመጀመሪያዎቹ ፍተሻዎች ጀሪካን፣ ሜትርና ፒንሳ እንጂ ባለሙያ አይጠይቁም።

ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ቧንቧውን ይዝጉና ከማሽኑ ጀርባ የታሰረውን ጎማ ይፍቱ። የጎማውን ጫፍ ማሽኑ ላይ በሚታሰርበት ከፍታ ይዘው በ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውስጥ ያስገቡና ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። ጀሪካኑ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከሞላ ፍሰቱ ደህና ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ከፈጀ ግን ማሽኑን ለመክፈት ገና ነው። አንድ ማሽን ለመጀመሪያው ሙሌት 12 ሊትር ቢፈልግና በደቂቃ የሚገባለት 1.5 ሊትር ብቻ ቢሆን 8 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ብዙ ማሽኖች ከዚያ በላይ አይታገሡም፣ ሥራ አቁመው ምልክት ያሳያሉ። ኤልጂ ላይ «አይኢ»፣ ሳምሰንግ ላይ «4ኢ» ወይም «4ሲ» የሚታየው ለዚህ ነው። ምልክቱ ውሃ በጊዜው አልደረሰም ማለት ነው እንጂ ቦርዱ ተቃጥሏል ማለት አይደለም።

«ቧንቧው እኮ እየወረደ ነው» የሚል ይኖራል። ይወርዳል፤ ነገር ግን ቧንቧን የሚከፍተው የሰው እጅ ሲሆን የማሽኑን ቫልቭ በከፊል የሚከፍተው ውሃው ራሱ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያነሣው ትንሽ ዘንግ ብቻ ነው፤ ሰፊውን የጎማ ክዳን ገፍቶ የሚያነሣው የውሃው ግፊት ነው። ግፊቱ ካነሰ ቫልቩ እያጉረመረመ ተዘግቶ ይቀራል። ለዚህም ነው ብዙ አምራቾች ዝቅተኛውን ግፊት 0.3 ወይም 0.5 ባር ብለው በመመሪያው ላይ የሚጽፉት። በሮቶ ለሚጠቀም ቤት ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ይሰጣል። የሮቶው ውሃ ከመሬት 3 ሜትር ላይ፣ የማሽኑ መግቢያ ደግሞ 1 ሜትር ላይ ቢሆን ልዩነቱ 2 ሜትር፣ ግፊቱም 0.2 ባር ነው፤ አይበቃም። ሮቶው ሲሞላ የውሃው ከፍታ ስለሚጨምር ማሽኑ ሊሠራ ይችላል፣ ሲጎድል ያቆማል። «ትናንት ይሠራ ነበር» ለሚለው ግርምት መልሱ እዚህ ሊገኝ ይችላል። ሮቶው ሰፊ መሆኑ አይረዳም፤ ግፊትን የሚወስነው የውሃው ከፍታ እንጂ ብዛቱ አይደለም። ቧንቧውን ከግማሽ ኢንች ወደ ሦስት ሩብ ኢንች ማሳደግም ፍሰቱን ያሻሽላል እንጂ ከፍታ አይፈጥርም። መፍትሔው ማማውን ማስረዘም፣ ወይም ከሮቶው ሥር በራሱ የሚነሣና የሚቆም ትንሽ ፓምፕ መግጠም ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ አይሠራም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑም አይሠራምና ክርክሩ ብዙ አያስኬድም።

ጀሪካኑ ቶሎ ሞልቶ ማሽኑ ግን እምቢ ካለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ደለል ነው። በዝናብ አገር ምን የውሃ ችግር አለ ማለት አያዋጣም። እነዚህ ከተሞች ያሉበት ደቡብ ምዕራብ ከኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው፣ አፈሩም ቀይና ሸክላማ ነው፤ ዝናቡ ያንን አፈር አጥቦ ወደ ምንጭና ወንዝ ያወርደዋል፣ ከዚያ የተረፈው ሮቶ ሥር ይዘቅጣል። ጎማው በሚታሰርበት የማሽኑ ቀዳዳ ውስጥ የጣት ጫፍ የምታክል ወንፊት አለች። በፒንሳ ቀስ ብለው ስበው ያውጧትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቧት፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘች አቼቶ ውስጥ ትዘፍዘፍ። በጎማው ሌላኛው ጫፍ ተጨማሪ ወንፊት ሊኖር ስለሚችል እዚያም ይዩ። ወንፊቷን አውጥቶ መጣል የሚመርጡ አሉ፤ ውሃው ወዲያው ስለሚጨምር የተሳካላቸው ይመስላቸዋል። ጠጠሩ ግን ቫልቩ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ ውሃ ይገባል፣ ሌሊቱን ቤት ያጥለቀልቃል። የሚሻለው የሮቶውን ታች ማጠብና ከማሽኑ በፊት እየታጠበ የሚመለስ ማጣሪያ መግጠም ነው። ማጣሪያውም ግፊት ስለሚቀንስ ሮቶው ዝቅ ያለ ከሆነ ፓምፕ ሳይኖር ብቻውን አይግጠሙት።

ውሃው እየገባ ማሽኑ የማይሞላበት ጊዜም አለ። የማስወጫው ጎማ ወለል ላይ ከተጣለ የገባው ሁሉ በዚያው ይፈስሳል፤ ጫፉን ከወለል ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ደግሞ የሙቅና የቀዝቃዛ ሁለት መግቢያ አለው፤ ቀዝቃዛው ብቻ ከተገጠመ በሙቅ ፕሮግራም ላይ ውሃ አይመጣለትም።

ወደ ኤሌክትሪኩ መምጣት የሚገባው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በሩ በደንብ ካልተቆለፈ ቫልቩ ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ስለዚህ በሩን ዘግተው ያዳምጡ። ጉርምርምታ ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ችግሩ ግፊት፣ ደለል ወይም የተጣበቀ ቫልቭ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ የቤቱ ቮልቴጅ ከ220 ብዙ ወርዶ እንደሆነ ባለሙያ ይለካ፤ ምሽት ላይ ብቻ የሚያቆም ማሽን በተለይ ይህን ያስጠረጥራል። የመብራት መዋዠቅ ቦርድን ማቃጠሉ እውነት ነው፣ ይህን አልክድም፤ ግን ቦርዱን ከመክሰስ በፊት አንድ ማስረጃ አለ። በሳሙና መሳቢያው በኩል ውሃ በባልዲ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ማሽኑ መሙላቱን አውቆ ማጠብ ከጀመረ ሞተሩም የውሃ መጠን መለኪያውም እየሠሩ ነው፤ ጥፋቱ መግቢያው አካባቢ ነው። ያኔ ሶኬቱን ነቅለው ቫልቩን በቴስተር ያስለኩ፤ የ220 ቮልት ቫልቭ ጥቅል ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያሳያል። ቴስተሩ መስመሩ መበጠሱን ካሳየ ቫልቩን ይለውጡ፤ ቦርዱን አይንኩ።