ሬስቶራንቱ ተዘግቷል፤ የታክሱ ዕዳ ግን አልተዘጋም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ምግብ ቤት ወይም ገበያ ከፍተው የከሰሩ ወገኖቻችን ወደ ጠበቃ ሲመጡ የሚያነሱት ጥያቄ ይመሳሰላል። «ቤቱን ከዘጋሁ ዓመት አለፈኝ። ኤል ኤል ሲ ስለሆነ ዕዳው አይነካህም ተብዬ ነበር። አሁን አይ አር ኤስ በራሴ ስም ደብዳቤ ይልካል። ባንክራፕሲ ብገባ ይሰረዝልኛል?»

«አይነካህም» ያላቸው ብዙውን ጊዜ ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ነው። ለክፋት ብሎ አይመስለኝም፤ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ኤል ኤል ሲ ከዕቃ አቅራቢ ዕዳ ይከላከላል። ከቤት ሊዝና ከባንክ ብድር የሚከላከለው ግን ባለቤቱ በግሉ ዋስ ሆኖ ካልፈረመ ነው፤ ሳይፈርም ሊዝ የሚሰጠው አዲስ ነጋዴ ደግሞ ብርቅ ነው። ከሠራተኛ ደመወዝ በተቆረጠ ታክስ ላይማ ምንም አያድንም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ለአስተናጋጅዋ ደመወዝ ሲከፍሉ የቆረጡት የገቢ ግብር፣ እንዲሁም የእርሷ ድርሻ የሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ በእጅዎ ያለ የመንግሥት አደራ ነው። ገቢ ሳይሆን ከቀረ አይ አር ኤስ ያንኑ መጠን ከኃላፊው ሰው የግል ኪስ ይጠይቃል። ኃላፊ የሚባለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ቼክ የመፈረም ሥልጣን የነበራት የእህት ልጅ፣ የትኛው ሂሳብ ይቅደም ብሎ የሚወስን ሸሪክም ሊጠየቁ ይችላሉ። «ሆን ብዬ አላስቀረሁም» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ሩቅ አያስኬድም። ታክሱ እንዳልተከፈለ እያወቁ ለሥጋ አቅራቢውና ለአከራዩ ቀድመው ከከፈሉ፣ በሕጉ ዓይን ሆን ብለው አስቀርተውታል። ይህ ዕዳ በባንክራፕሲ አይሰረዝም። ከደንበኛ የተሰበሰበ ሴልስ ታክስም በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በግል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ የአይ አር ኤስ ሠራተኛ ደውሎ «ስለ ፔይሮሉ ጥቂት ልጠይቅዎት» ካለ፣ ፊቱ ያለው ወረቀት ፎርም 4180 ሊሆን ይችላል። ቼክ ማን ይፈርም ነበር፣ ታክሱ እንዳልተከፈለ መቼ ዐወቁ የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። የእኛ ሰው ትሁት ለመሆን ሲል እዚያው ስልክ ላይ ሁሉንም ይዘረግፋል። «ከጠበቃዬ ጋር እመጣለሁ፤ ቀጠሮ ይያዝልኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ኃላፊ ነዎት የሚለው ሌተር 1153 ከደረሰዎት ለመቃወም ያለዎት 60 ቀን ነው።

ወደ ማን ልሂድ? አይ አር ኤስ ፊት ያለ ገደብ ሊወክሉዎት የሚችሉት ጠበቃ፣ ሲ ፒ ኤ እና ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ናቸው፤ ውክልናውም የሚሰጠው በፎርም 2848 ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ቢሮ ከፍቶ ሚያዝያ ላይ የሚዘጋው ታክስ ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ክፍያ ተቀብሎ በሠራው ፎርም ላይ ስሙንና ቁጥሩን የማይፈርም ከሆነማ ከመጀመሪያውም ሊሸሹት ይገባ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ለጠበቃ የነገሩት ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው። ሂሳብ ሠሪዎችም የተወሰነ ጥበቃ አላቸው፤ ነገር ግን የታክስ ፎርም ሲሞሉ የሰሙትን አይሸፍንም፣ በወንጀል ጉዳይም አይሠራም። ያልተመዘገበ የካሽ ሽያጭ ካለ ታሪኩን መጀመሪያ መስማት ያለበት ጠበቃ ነው። ሂሳብ ሠሪ ካስፈለገም ጠበቃው ራሱ ሌላ ሰው ይቅጠር።

ደብዳቤ መክፈት የሚከብደውን ሰው እረዳለሁ። ቢሆንም አንዱ ደብዳቤ ከሌሎቹ ይለያል፤ በሬጂስተርድ ወይም በሰርቲፋይድ ፖስታ ይመጣል፤ ይህን ያህል ይጎድልብዎታል ብሎ ወደ ታክስ ፍርድ ቤት መሄድ የሚችሉበትን የመጨረሻ ቀን ይነግርዎታል። ጊዜው 90 ቀን ነው፤ ኢትዮጵያ ሳሉ በዚያ አድራሻዎ ከተላከ 150 ቀን። በዚህ ጊዜ ውስጥ አቤቱታ ካስገቡ የተጠየቁትን ታክስ ቀድመው ሳይከፍሉ ይከራከራሉ። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 60 ዶላር ነው፤ ለዓመቱ የሚያከራክረው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ባለ ሥነ ሥርዓት ሊታይልዎት ይችላል። ቀኑ ካለፈ ግን በአብዛኛው ቀድመው ከፍለው ይመለስልኝ ማለት ነው የሚቀርዎት።

አሁን ወደ ባንክራፕሲው። «ታክስ በባንክራፕሲ አይነካም» የሚለው ወሬ ስህተት ነው። የራስዎ የገቢ ግብር ቻፕተር 7 በሚባለው የባንክራፕሲ ዓይነት ሊሰረዝ ይችላል። ለዚህም ፎርሙ መግባት ከነበረበት ቀን 3 ዓመት፣ በእርግጥ ካስገቡበት ቀን 2 ዓመት፣ ዕዳው ከተመዘገበበት ቀን 240 ቀን ማለፍ አለበት፤ ማጭበርበርም ሊኖር አይገባም። የማራዘሚያ ጊዜ ወስደው ከነበረ ሦስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከማራዘሚያው ማብቂያ ነው። ለምሳሌ የ2021 ግብር መግቢያው ሚያዝያ 18 ቀን 2022 ነበር፤ ላራዘመ ሰው ግን ጥቅምት 17። ይህን ሳይቆጥር አንድ ሳምንት ቀድሞ የገባ ሰው ሊሰረዝለት የነበረውን ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል። ቤትዎ ላይ ቀድሞ የተመዘገበ የታክስ መያዣ ካለም ዕዳው ቢሰረዝ እንኳ መያዣው ቤቱ ላይ ይቆያል። ኤል ኤል ሲው ራሱ በቻፕተር 7 ዕዳ አይሰረዝለትም፤ የሚሰረዝለት ሰው ነው።

ጠበቆች ሳይጠይቁ የሚያልፉት፣ ደንበኛውም የማያነሳው ነገር ዕቁብ ነው። ዕጣው ገና ካልወጣልዎት እስካሁን የጣሉት ገንዘብ ንብረት ነው፤ ወጥቶልዎት ከሆነ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው። ሁለቱም በባንክራፕሲው ፎርም ላይ ይጻፋሉ። ወረቀት የለውም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ከመግባትዎ በፊት «የወንድሜን ብር ቢያንስ ልመልስ» ማለትም አደገኛ ነው። ከስረው ሳለ ባለፈው አንድ ዓመት ለዘመድ፣ ባለፉት 90 ቀናት ደግሞ ለሌላ አበዳሪ የከፈሉትን፣ የባንክራፕሲውን ጉዳይ የሚይዘው ትረስቲ ከተቀበለው ሰው ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ወንድምን ለመጥቀም ብለው ፍርድ ቤት ያቆሙታል። ዋስ የሆነልዎት ጓደኛም እርስዎ በቻፕተር 7 ሲገቡ ነጻ አይወጣም፤ ባንኩ ወደ እርሱ ይዞራል። ቻፕተር 13 በሚባለው ሌላው የባንክራፕሲ ዓይነት ለግል ፍጆታ ዕዳ ዋስ የሆነ ሰው ለጊዜው ይጠበቃል፤ ለንግድ ብድር ግን ይህ ጥበቃ የለም።

የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም፣ ቢሾፍቱ ያለው ቦታ፣ በእናትዎ ስም ሆኖ በእርስዎ ብር የተሠራው ቤት ሁሉ ለጠበቃዎ ይነገር። ሕጉ የሚጠይቀው በዓለም ላይ ያለዎትን ሁሉ ነው፤ መደበቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። በውጭ ባንኮች ያለዎት ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ለብቻው በየዓመቱ ይመዘገባል። ብዙ ሰው የዲያስፖራ አካውንቱ ይህን እንደሚያስገድደው የሚሰማው ባንክራፕሲ ሲገባ ነው። ይህን የባንክራፕሲው ፎርም ከመግባቱ በፊት ማስተካከል የሚቻልበት መንገድ አለ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለ፣ በአነስተኛ ገቢ ላይ ላሉ ታክስ ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ። ገቢዎ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 250 በመቶ ካልበለጠ በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ አይ አር ኤስ ፊት ይቆሙልዎታል። ባንክራፕሲ ላይ የቻፕተር 7 የፍርድ ቤት ክፍያ 338 ዶላር ነው፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ሰው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። ከመግባትዎ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት የብድር ምክር መውሰድም ግዴታ ነው። ፎርም በመሙላት ብቻ የሚያገለግል ጠበቃ ያልሆነ ሰው የትኛውን ቻፕተር ይምረጡ፣ የትኛውን ንብረት ይተዉ ብሎ እንዲመክርዎ ሕግ አይፈቅድለትም።

ትረስቲው በመሐላ በሚጠይቅዎት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል። እንግሊዝኛዎ ለገበያ ቢበቃም ይጠይቁት፤ ልጅዎን ይዘው አይሂዱ። ስለ ዕቁቡ «ዩ ፎርጎት?» ሲባሉ በትሕትና «የስ» ማለት መዝገብ ላይ ይሰፍራል።