በምን ይበልጣል?

አዳማ ገበያ ቲማቲም የምትመርጥ ሴት «ከዚህ ያኛው ይሻላል» ትላለች። ሻጯ በኦሮምኛ «ሱን ዋያ» ብትላት ያው ነው። «ይሻላል» እና «ዋያ» ቅጽሎች አይደሉም፤ ግሦች ናቸው። ማወዳደሩን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

እንግሊዝኛ የቅጽሉን መልክ ይለውጣል፦ «ቢግ»፣ «ቢገር»፣ «ቢገስት»። ኡዝቤክኛም «ካታ» (ትልቅ) ላይ «ሮቅ» ቀጥሎ «ካታሮቅ» ይላል፤ የሚወዳደሩበትን ስም ደግሞ «ዳን» ያስከትለዋል፤ የኛው «ከ» ወደ ኋላ ዞሮ ማለት ነው። አማርኛ ግን «ትልቅ»ን አይነካውም። «አዳማ ሞጆን ትበልጣለች» ይላል፤ ኦሮምኛም «አዳማን ሞጆ ጫልቲ»። ከሁሉ መብለጥን የመግለጹም አሠራር ያው ነው፤ «ከሁሉ ይበልጣል»፣ «ሁንዳ ጫላ»። ይልቃል፣ ይበልጣል፣ ጫላ፣ ጫልቱ የሚባሉ ሰዎች ስማቸው ከዚሁ የመብለጥ ግሥ የወጣ ነው።

ግሡ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ በምን? «ወንድሜ ይበልጠኛል» ሲባል ማንም ቁመት አያስብም፤ ዕድሜ ነው። ስለ ከተማ ሲሆን ስፋቱና የሕዝቡ ብዛት ይታሰባል። ስለ ሐይቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይጠላለፋል። ዝዋይ በስፋት ሻላን ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ «ሻላ ዝዋይን ይበልጣል» ያለ ተማሪ እውነትም ሐሰትም ተናግሯል፤ «በጥልቀት» ካላለ አልጨረሰም። እንግሊዝኛ «ዲፐር» ሲል መለኪያው ቃሉ ውስጥ አለ።

የኛ ተማሪዎች «ሞር ቢገር» የሚሉትም ሳያጠኑ ቀርተው ብቻ አይመስለኝም። «የበለጠ ትልቅ» የሚለው ልማዳቸው «የበለጠ»ን ለብቻው ስለሚያቆም፣ «ሞር»ን በሱ ቦታ ያስገቡታል። በ«ቢገር» መጨረሻ ያለው «ኧር» ሥራውን እንደጨረሰ አያስተውሉም። መምህሩ ስህተቱን ከማስመር በፊት የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ቢጽፍላቸው ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ድግግሞሽ ነው። «ትልልቅ ቤቶች» ሲባል ቤቶቹ ብዙ ናቸው እንጂ እጅግ ትልቅ መሆናቸው አይደለም፤ የኦሮምኛው «ጉጉዳ»ም እንዲሁ። በኡዝቤክኛ ግን «ቂዚል» (ቀይ) የመጀመሪያ ክፍለ ቃሉን ደግሞ «ቂፕቂዚል» ሲሆን በጣም ቀይ ማለት ነው።

ቅጽሉ የግሥ ወንድም ካለው ደግሞ «ይበልጣል»ም አያስፈልግም። መተሐራ ከአዳማ ይሞቃል፤ ሻላም ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ይጠልቃል።