የአይጦቹ ውፍረት ምን ያስተምረናል?

የወፈረ ሰው ስናይ ብዙዎቻችን «ተመችቶታል» እንላለን። ውፍረት ሁሉ ግን ጤና ነውን? በዚህ ትምህርት በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እናያለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ ስክላፋኒና ስፕሪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን አንድ ዓይነት መኖ ብቻ ሰጡ። ለሁለተኛው ወገን ከመኖው ሌላ ቸኮላት፣ ብስኩት፣ አይብና ሙዝ ከሱቅ ገዝተው አቀረቡ። ምን ሆነ? መኖ ብቻ የቀረበላቸው ሲጠግቡ ተዉት። ጣፋጭና ቅባት ያገኙት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ ከልክ በላይ በሉ። በሁለት ወር ውስጥም ከጓደኞቻቸው ይልቅ እጅግ ወፈሩ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ምግብ ለሰውነት ማገዶ ነው። የበላነው በሥራና በሙቀት ከምናወጣው ጋር ሲመጣጠን ክብደታችን አይለወጥም። ሲተርፍ ሰውነት ትርፉን ስብ አድርጎ ያስቀምጣል። በ1979 በለንደን የተደረገ ምርምር እንዳሳየው፣ የአይጥ ሰውነት ከትርፉ ከፊሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ያቃጥለዋል። ሁሉን ግን አይጨርስም።

ሰው አይጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ለሁላችንም አንድ ነው። ሲያርስ የሚውል ገበሬ የበላውን በሥራ ያወጣዋል። ከተማ ገብቶ ተቀምጦ የሚውል ልጁ ግን ያንኑ ያህል በልቶ ጣፋጭ ቢጨምርበት፣ ትርፉ ስብ ይሆናል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል።

ምግብ አናፈራርቅ ማለታችን አይደለም። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ወተት ተፈራርቀው ሰውነትን ይገነባሉ። ስኳርና ቅባት የበዛበትን ግን በልኩ እንብላ። ልጃችን ከከተማ ወፍሮ ሲመጣም «እሰይ» ከማለታችን በፊት ጤናውን እንጠይቅ።