ሞተር ሳይክል መንዳት ስንጀምር

ሞተር ሳይክል በሞተር ኃይል የሚሄድ ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። መኪና በአራት ጎማው ቆሞ ያድራል። ሞተር ሳይክል ግን ካልደገፉት ይወድቃል። ሚዛኑን የሚጠብቅለት ነጂው ነው። ስለዚህ መኪና ለመንዳት ትምህርት ካስፈለገ፣ ሞተር ሳይክል ለመንዳት ይበልጥ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በዋሂልና በሌሎቹ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ለምንኖር ሰዎች የሞተር ሳይክል ጥቅም ግልጽ ነው። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ ይደርሳል። የግብርና ባለሙያው ከመንደር መንደር ቶሎ ይዘልቃል። በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ታዲያ አንድ ወጣት ፍየሎቹን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ሞተር ይገዛል እንበል። ጠዋት ይገዛል። ከሰዓት በኋላ ጓደኛው «ይኼ ፍሪሲዮን ነው፣ ይኼ ፍሬን ነው» ይለዋል። ማታ ከኋላው ሰው አፈናጦ ይነዳል። ይህ ልጅ ቢወድቅ የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው? አይደለም። የተፈናጠጠው ይጎዳል። እንጨት ተሸክማ በመንገድ ዳር የምትሄድ እናት ትጎዳለች። እሱ አልጋ ላይ ሲውል እርሻው ጦሙን ያድራል፤ ዕዳው ግን አይቀርለትም።

ጀማሪ ለምን ይወድቃል?

ሃሪ ኸርት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን መርምረዋል። ውጤቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ካገኙት ነገር ሦስቱን እንይ።

አንደኛ፣ አደጋ ከደረሰባቸው 100 ነጂዎች 92ቱ የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው። ሥልጠና ያገኙ ነጂዎች አደጋ የሚደርስባቸው በጥቂቱ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ የደረሰባትን ሞተር ከያዙ 5 ወር አልሞላቸውም። ብዙዎቹ ግን በጠቅላላው ወደ 3 ዓመት ያህል የነዱ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ የሰው ሞተር ስንዋስ ወይም አዲስ ስንገዛ እንደገና ጀማሪ መሆናችንን ነው።

ሦስተኛ፣ ነጂዎቹ ሲደነግጡ የኋላውን ፍሬን አጥብቀው ረግጠው ጎማውን ያንሸራትቱታል፤ የፊቱን ግን በሚገባ አይጠቀሙበትም።

ሎስ አንጀለስና ዋሂል ሩቅ ለሩቅ ናቸው። መንገዱም አይመሳሰልም። የሰው እጅና እግር ግን አንድ ነው፤ ሲደነግጥ የሚያደርገውም ያው ነው።

ከመነሣታችን በፊት

ሄልሜት እናጥልቅ፤ ማሰሪያውንም ከአገጫችን ሥር እንቆልፍ። ያልታሰረ ሄልሜት ስንወድቅ ከራሳችን ቀድሞ ይበራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በትክክል የተደረገ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ያህል ይቀንሳል። «በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይቻላል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይሞቃል። ሙቀት ግን ጥላ ሥር ሲያርፉ ይበርዳል፤ የተሰበረ የራስ ቅል እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

በሸበጥ አንንዳ። የተሸፈነ ጫማና ረጅም ሱሪ እናድርግ። ሽርጥ፣ ነጠላና ሻሽ በሰንሰለቱ ወይም በጎማው ውስጥ ተጠምጥመው ሰው ስለሚጥሉ፣ ነጂውም ተፈናጣጩም ልብሱን ይሰብስብ።

ቀጥሎ ሞተሯን እንይ። የጎማው ነፋስ በቂ ነው? ሁለቱም ፍሬኖች ይይዛሉ? ሰንሰለቱ አልረገበም? መብራቱ፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ይሠራሉ? ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ሰውና ከብት የማይበዛበት ሜዳ እንምረጥ። መንጃ ፈቃድ ያለው፣ የማይቸኩል ሰው አጠገባችን ይቁም።

ሞተሩ ሳይነሣ መያዣዎቹን በእጃችንና በእግራችን እንለማመዳቸው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ፍሪሲዮን በግራ እጅ፣ ማርሽ በግራ እግር ነው። ጋዝ መስጫውና የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ነው። ዓይናችንን ጨፍነን «የፊት ፍሬን!» ስንባል እጃችን ሳይፈልግ የሚያገኘው እስኪሆን ድረስ እንድገመው።

ከዚያ አስነሥተን፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተን፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገን እንልቀቅ። ሞተሯ መሳብ የምትጀምርበት ነጥብ አለ። ያችን ነጥብ እጃችን ይወቃት። ፍሪሲዮን በድንገት የለቀቀ ሰው ወይ ሞተሩ ይጠፋበታል፣ ወይ ሞተሯ ዘላ ታመልጠዋለች።

ከመሄድ በፊት ማቆምን እንማር። አሥር ሜትር ሄደን እንቁም። ደግመን እንሂድ፣ ደግመን እንቁም። ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎ መጠምዘዝ ይመጣል። ስንጠመዘዝ የምናየው ጎማውን ሳይሆን ልንሄድበት ያሰብነውን ቦታ ነው። ዓይን ወደ ጉድጓዱ ካየ፣ ሞተሯም ወደ ጉድጓዱ ታመራለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ካልጨረስን አንፈር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

የፍሬን ነገር

ጭነት የያዘች አህያ ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቱ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ሞተርም ፍሬን ስትይዝ ክብደቷ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው ያን ጊዜ የፊቱ ጎማ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውም የፊት ፍሬን ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እንያዝ። የፊቱን ግን በድንገት ሳይሆን እየጨመርን እንጭመቀው።

ፍጥነትንም እናስላ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል እናልፋለን። ፍየል አይተን ፍሬን እስክንይዝ አንድ ሴኮንድ ብንዘገይ 8 ሜትር ሄዷል። ፍጥነታችንን ወደ 60 ብናደርሰው፣ ፍሬን ከያዝን በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገን ርቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

የአካባቢያችን መንገድ

አሸዋና ኮረት ላይ ፍሬን በድንገት አይያዝም፤ በተለይ የፊቱ። አሸዋው ሳይደርስ ፍጥነት እንቀንስ። ከገባን በኋላ ጋዙን ሳናቋርጥ፣ መሪውን ሳናንቅ፣ ራቅ አድርገን እያየን እንለፍ።

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት መንገድ ላይ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለን በፎሌ አንውረድ። በዝቅተኛ ማርሽ ስንወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘናል፤ ፍሬኑም ግሎ አይደክምም።

ግመልና ፍየል ስናይ ክላክስ ብቻ አይበቃም። የደነገጠ እንስሳ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም። እናቀዝቅዝ፤ እረኛው እስኪያሳልፋቸውም እንጠብቅ።

ደረቅ ወንዝ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። በሜዳው ዝናብ ሳይጥል ከላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ በድንገት ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በተራራው ላይ ሲያጉረመርም ከሰማን፣ ወይም ውኃው መውረድ ከጀመረ፣ «ትንሽ ነው» ብለን በሞተር አንግባ። ቆመን ብናሳልፈው የሚያልፈን ጥቂት ሰዓት ነው።

አንድ ጀማሪ የማያደርጋቸው

ነገሩን ሳንችለው ሰው አናፈናጥ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሚዛኑንም ፍሬኑንም ይለውጣል። በጨለማ አንጀምር። ጠጥተን፣ ወይም ጫት ስንቅም አድረን እንቅልፍ አጥተን አንንዳ። ስልክ ለማንሣት ከፈለግን እንቁም። ያለ መንጃ ፈቃድ መንገድ ላይ መውጣት በሕግ ያስቀጣል።

ሰው ወድቆ ብናገኝ ጎትተን አናንሣው፤ አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መኪና እንዳይደርስበት መንገዱን እንጠብቅ፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን እንያዝ። ለጤና ጣቢያ ወይም ለድል ጮራ ሆስፒታል እንዲደርስም እርዳታ እንጥራ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ መንዳት የሚችል ማለት ፈጥኖ የደረሰ ማለት አይደለም። በፈለገበት ቦታ ማቆም የሚችል ማለት ነው።

የቃላት ፍቺ

ፍሪሲዮን፦ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያገናኝና የሚያላቅቅ መሣሪያ።
ፎሌ፦ ማርሽ ያልገባበት ሁኔታ።
ፍሬቻ፦ ወዴት እንደምንታጠፍ የሚያመለክት መብራት።
ማፈናጠጥ፦ ሰውን ከኋላ አስቀምጦ መንዳት።

ጥያቄዎች

1. ማሰሪያው ያልተቆለፈ ሄልሜት ለምን አይጠቅምም?
2. ለብዙ ጊዜ የነዳ ሰው አዲስ ሞተር ሲይዝ ለምን ጀማሪ ይባላል?
3. የፊት ፍሬን በአስፋልት ላይና በአሸዋ ላይ አያያዙ እንዴት ይለያያል?
4. ከመንደራችሁ እስከ ገበያ ባለው መንገድ ለነጂ አደገኛ የሆኑትን ሦስት ቦታዎች ጻፉ። በእያንዳንዱ ቦታ ምን መደረግ እንዳለበት በቡድን ተወያዩ።